ከርሞ በሜዳችን

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን እሑድ ጠዋት ግን የጋሽ መቀስ ጆሮ ከሚገባው በላይ ዘመድ ሆነባቸው። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን ሲያቃኑ፣ ከግድግዳው ማዶ ምራታቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እና ለአባባ ማን ሊነግራቸው ነው?» ስትል ሰሙ። ግድግዳ ማለት እንኳ ማጋነን ነው። አከራይዋ ዕቃ ቤቱን ከወጥ ቤቱ ለመለየት ያስመታችው ቺፑድ ነው፤ ማዶ ያለ ሰው ሲያዛጋ ወዲህ ያለው አፉን ይሸፍናል። ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲዞር ቆየና የልጃቸው ድምፅ መጣ። «ዛሬ ጨዋታ አለው። ደስ ብሎት ይዋል። ማታ እኔው እነግረዋለሁ።»

«ማታ ማታ ስትል ስንት ማታ አለፈ? ቤቱ እሳቸው ሜዳ ላይ መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙትስ?»

«ቀስ በይ እንጂ!»

ቀስ አለች። ሹክሹክታው ግን ከጩኸት ይብስ ነበር። «ሰባተኛ ፎቅ» የሚል ቃል አለፈ፤ «ለሠራተኛ ቅድሚያ» የሚል አለፈ፤ «በሚቀጥለው ወር ቁፋሮ» የሚል አለፈ። ጋሽ መቀስ ሁለተኛውን ካልሲ ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ነገሩን ለመገጣጠም ብዙ ማሰብ አላስፈለጋቸውም። ልጃቸው ፎቅ በሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ ይዘረጋል። «እሳቸው ሜዳ» የሚባል ነገር ደግሞ በዚህ ምድር ላይ አንድ ብቻ ነው። ከከተማው ዳር፣ አውቶቡሱ መጨረሻ ከሚቆምበት ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ያለው፣ ሸክላዎቹ የሚባሉት የእግር ኳስ ቡድን ሜዳ ነው። ዙሪያው በቆርቆሮ ከታጠረ ዓመታት አልፈዋል። ሲታጠር «ለእድሳት ነው» ተብሎ ነበር። ቡድኑም ለጊዜው ተብሎ መሀል ከተማ ያለውን ትልቁን ስታዲየም ተከራይቶ ይጫወት ጀመር፤ «ለጊዜው» የተባለ ነገር እንደሚያደርገው ሁሉ ይኸኛውም ሥር ሰደደ። የክለቡ አመራሮች በየዓመቱ መጀመሪያ «በቅርቡ እንመለሳለን» ይላሉ። ደጋፊው ያችን «በቅርቡ» እንደ ስንቅ ቋጥሮ ዓመቱን ይገፋል። ለካ ስንቁ ተሸጧል። ለካ ከገዢዎቹ መሀል የገዛ ልጃቸው አለበት።

ሲወጡ ዳቦና ሻይ ቀርቦ ነበር። ምራታቸው ዳቦው ከትናንቱ ማነሱን፣ ዋጋው ግን እዚያው መሆኑን አወራች። ልጃቸው ዳቦ ሲያንስ እንጂ ዋጋ ሲያንስ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ጋሽ መቀስ «ዳቦው የሚከሳው ባለ ዳቦ ቤቱ ሊወፍር ነዋ» አሉና ሦስቱም ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቁ። ሶፋው መደገፊያ ላይ ጣል የተደረገ የመጋረጃ ጨርቅ ቁራጭ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲያዩት የዚህ ቤት መስኮቶች መጋረጃ እያላቸው ለምን ይሆን ብለው ነበር፤ አሁን ገባቸው። ጨርቁ የሰባተኛ ፎቅ ነው። ልናደድ ብለው ሞከሩ፤ ንዴቱ እምቢ አላቸው። ምክንያቱም ይህ ቤት ለነዚህ ልጆች ስንተኛ ኪራይ ቤታቸው እንደሆነ ያውቃሉ። አንዱ አከራይ ልጄን ልድር ነው ብሎ አስወጣቸው፤ አንዱ ውሃ ታበዛላችሁ ብሎ፤ አንዷ ምንም ሳትል በፊቷ ብቻ። የአሁኗ ደግሞ ዕቃ ቤቱን ለአባትየው ስትፈቅድ፣ እዚያ ያለውን ግዙፍ ቁምሳጥኗን «እንዳትነኩብኝ» ብላ ስለተወችው ጋሽ መቀስ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሰው ቁምሳጥን ግርጌ ይተኛሉ። ምራታቸው ምስማር ለመምታት ማስፈቀድ ስላለባት የሠርጓ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ከአልጋ ሥር ነው። እንዲህ ያለችውን ልጅ ቤት አገኘሽ ብሎ ማን ይቆጣታል?

«ዛሬ ታሸንፋላችሁ አይደል አባዬ?» አለ ልጃቸው፣ ዓይኑን ከሻዩ ሳያነሳ።

«ኳስ ድቡልቡል ናት» አሉ ጋሽ መቀስ።

ድሮ እናሸንፋለን ነበር የሚለው። ትከሻቸው ላይ ተፈናጦ፣ ጎል ሲገባ ሁለት ጆሮአቸውን እንደ መኪና መሪ ይዞ እየጠመዘዘ። ሜዳው ሲታጠር እሱ ጎረምሳ ነበር። አንዴ ብቻ ወደ ትልቁ ስታዲየም አብሮአቸው ሄደና «አባዬ፣ እዚህ እኮ ሰው ቤት ነን» ብሎ ሁለተኛ ሳይመለስ ቀረ።

ጋሽ መቀስ ስማቸው ይህ አይደለም፤ ሥራቸው ነው ያወጣላቸው። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ዛሬም በሰው ሱቅ አንድ ወንበር ተከራይተው ይሠራሉ። እሑድ እስከ እኩለ ቀን ሱቁ አይጦምም። ከጎናቸው ያለውን ወንበር የያዘው ወጣት፣ የራሱን ፀጉር በቅባት አንጸባርቆ ስለሚውል ጄል የሚሉት፣ የዛሬው ተጋጣሚያቸው፣ የባለ ስታዲየሙ ቡድን ደጋፊ ነው። ገና በሩን ሲከፍቱ ማሽኑን እንደያዘ ጮኸ።

«ተከራይ መጣ! ጋሼ፣ ዕቃዎን ጫኑ?»

ሁልጊዜ «የምጭነው አንተን ነው» ብለው ይመልሱለት ነበር። ዛሬ ጨርቃቸውን ብቻ አራገፉ። ጄል ማሽኑን አጠፋና አያቸው። «አሞዎት ነው?»

«አይ፣ ዳቦው አንሶብኝ ነው።»

ወንበራቸው ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ታክሲ ነጂ ነው፤ የሸክላዎቹ ሰው። ጨርቁ አንገቱ ላይ ሳይታሰር ወሬውን ጀመረ። «ጋሽ መቀስ፣ ዛሬ ምርቃቷን ጠበቅ ያድርጓት። የዘንድሮው እንደ ወትሮው አይደለም። ፕሬዚዳንቱ ዓመቱ ሲያልቅ የምሥራች አለኝ ብሏል አሉ።»

«የምሥራቹ ኪራይ ቀነሰላችሁ ነው የሚሆነው!» አለ ጄል። ሱቁ ሳቀ። ታክሲ ነጂውም በመስተዋቱ ውስጥ እየሳቀ «ሳቅ፣ ሳቅ። የራሳችን ቤት ስንገባ ለምርቃቱ እንጠራሃለን» አለው። ይህን ጊዜ የጋሽ መቀስ እጅ ሳተ። «ኧረ ጋሼ፣ ጆሮዬን ለእኔ ይተዉልኝ!» አለ ታክሲ ነጂው። ይቅርታ ጠይቀው፣ መቀሱን ጠርገው፣ የቀረውን ቀስ ብለው ጨረሱ። ሰውየው ሲወጣ ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ «ምርቃቷን እንዳይረሱ» አላቸው።

ምርቃቷ እንዲህ ናት። ቡድኑ በተከራየው ስታዲየም መጀመሪያ የተጫወተ ዕለት፣ ደጋፊው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ የሸክላ ፋብሪካው የድሮ ፎርማን ብድግ አሉና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው «ከርሞ በሜዳችን ያድርገን!» አሉ። ሰዉ ሁሉ «አሜን!» አለ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ሳትባል ፊሽካ ቢነፋም ለሸክላዎቹ ሰዎች ጨዋታው አልተጀመረም። ፎርማኑ ታመው ሲተኙ ጋሽ መቀስ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ፀጉራቸውን አስተካከሉላቸው። ሰውየው በመስታወት ራሳቸውን አይተው «አሁን ሰው መሰልኩ» አሉ፤ ቀጥለውም «ያችን ነገር አንተ በላት፤ አደራ» አሉ። አደራ በላ ላለመሆን ጋሽ መቀስ አንድም ጨዋታ ሳይቀሩ ሲሏት ኖሩ። ለሌላው እንደ ጭፈራ ናት። ለእሳቸው ግን ምርቃት መፈክር አይደለም። መዳፍ የሚዘረጋው ወደ ላይ ነው፤ ሰሚውም ሜዳውን የሚያከራይ ሰው አይደለም። የማይሆን መሆኑን እያወቁ «ያድርገን» ብሎ እጅ መዘርጋት በማን ፊት መዋሸት ነው? መቀሳቸውን ሲጠቀልሉ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ምናልባት ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል አሉና፣ ሰዓቱ ገና ስለነበረ፣ ወደ ስታዲየሙ በመሄድ ፈንታ የዳር ከተማውን አውቶቡስ ተሳፈሩ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ከእሳቸው ሌላ የወረደ ሰው አልነበረም። ሸክላ ፋብሪካው ጭስ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ጭስ ማውጫው ግን ማንም ሂድ ስላላለው እንደ ተረሳ ጡረተኛ ቆሟል። ቆርቆሮው ላይ «እድሳት ላይ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ እድሳት አስፈልጎታል። በአንድ የተገነጠለ ቆርቆሮ መሀል ዓይናቸውን አስጠጉ። ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጓል። ማዶ ጉብታው አለ፤ ፋብሪካው አፈር ሲቆፍር የከመረው፣ ኋላ ደጋፊው በመቀመጫው ደልድሎ ደረጃ ያስያዘው ጉብታ። እሱ ላይ ችካሎች ተተክለዋል፤ ችካሎቹ ራስ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ከችካል ወደ ችካል ገመድ ተወጥሯል። ከሁለቱ ጎሎች አንዱ ብቻ ቆሟል፤ አግዳሚው ላይ ሸሚዝና አንሶላ ተሰጥቷል።

«አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለ ዘበኛው፣ ሻዩን እንደያዘ በትንሿ በር ብቅ ብሎ።

«ምንም። ድሮ እዚህ እንቀመጥ ነበር።»

«የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።» ዘበኛው ወደ ጎሉ ዞሮ እንደማፈር አለ። «ልብሴን ለጊዜው ነው ያሰጣሁት። እሱም ቢሆን በሚመጣው ወር ይነቀላል።»

«እድሳት ነው?»

ዘበኛው አያቸው። ሽማግሌ ፊት ላይ ለመዋሸት ያልደፈረ፣ እውነቱንም ለመናገር ያልተፈቀደለት ሰው አስተያየት ነበር። «እንግዲህ...» አለና ሻዩን ፉት አለ። ጋሽ መቀስ አመስግነውት ተመለሱ።

ስታዲየም ሲደርሱ ሰዉ ሞልቷል። ለሸክላዎቹ የተሰጣቸው ቦታ ጣሪያው ሥር ያለው ጥግ ነው፤ ፀሐይ አይደርስበትም። እዚያም እንደ ጉብታው ነው የሚቀመጡት። ድሮ ከማን አጠገብ ይቀመጡ ከነበረ ዛሬም ከዚያው ሰው አጠገብ፤ የሞተ ሰው ቦታ ደግሞ ክፍቱን ይተዋል። አስተናባሪው «ተጠጋጉ እንጂ!» እያለ ይለፋል፤ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ከሩቅ ሲታዩ እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስላሉ። ባለ ስታዲየሞቹም ማዶ ሆነው በዚህ ይቀልዳሉ። ከዚህ የበለጠ የሚያስቃቸው ግን ሌላ ነው። ጉብታው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ስለነበረ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የተመልካቹን ዓይን ትወጋ ነበር፤ ኳሷ ወደ ጎል ስትቀርብ ሁሉም መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ነበር የሚያየው። ይህ ልማድ አብሯቸው ተሰደደ። ዛሬም ጣሪያ ሥር፣ በድቅድቅ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው፣ ኳስ ወደ ጎል ስትጠጋ ያ ሁሉ ሰው ሳያስበው እጁን ግንባሩ ላይ ያወጣል። ማዶ ያሉት «ፀሐይዋ የት አለች?» እያሉ ይንጫጫሉ።

ጡሩምባ የሚሉት ወዳጃቸው ቦታው ላይ ነበር። የድሮ ፖስተኛ ነው፤ ጉብታው ላይ ጡሩምባ የሚነፋው እሱ ነበር። አሁን ሳንባው እምቢ ስላለው ጡሩምባውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በጨርቅ ይወለውለዋል። «ዘገየህ» አለ።

«አውቶቡሱ ነው።»

«በየትኛው አውቶቡስ መጣህ? ጫማህ ቀይ አፈር ነው።» መልስ ሳይጠብቅ ሳል ያዘው።

ማዶ ያው ዘፈን ተጀመረ። «ተከራይ! ተከራይ! ዕቃህን ጫን!» ቡድኖቹ ገቡ። ሸክላዎቹ ጥግ ላይ ሰዉ ፀጥ እያለ፣ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ወደ ጋሽ መቀስ ዞረ። ታክሲ ነጂው ከኋላ «እየጠበቅን ነው!» አለ። ተነሡ። መዳፋቸውን ዘረጉ። ከጥፍራቸው ሥር የሰው ፀጉር ብናኝ ታያቸው። ፎርማኑ ትዝ አሏቸው፤ ችካሎቹ ትዝ አሏቸው፤ ከአልጋ ሥር ያለው የሠርግ ፎቶግራፍ ትዝ አላቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ የምትወጣው ቃል የቷ እንደሆነች እሳቸውም አያውቁም ነበር።

«ከርሞ...» አሉ። «ከርሞ በሰላም ያገናኘን!»

ግማሹ በልማድ «አሜን!» አለ። ግማሹ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቁ። «ጋሽ መቀስ፣ ሜዳውስ? ሜዳውን ዋጡት እኮ!» «እርጅና መጣ!» «ይድገሙት፣ ይድገሙት!» ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ ዘመድ ሲሳሳት የሚሳቅ ሳቅ ነው። ጋሽ መቀስ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቆሙ፤ መድገም አልቻሉም። ይህን ጊዜ ጡሩምባ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ተነሣ፤ በዚያ በተቀደደ ሳንባው ያለውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቦ «ከርሞ በሜዳችን ያድርገን!» አለ። ጥጉ በአንድ ድምፅ «አሜን!» ብሎ ተናወጠ። ፊሽካው ተነፋ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አሜን ያላለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጨዋታውን አሸነፉ። ያውም ሊያልቅ ሲል በገባ ጎል። ያ ሁሉ መዳፍ ግንባር ላይ እንደወጣ ኳሷ መረቡን ስትነካ ሰዉ እርስ በርሱ ተደባለቀ፤ የሙታኑ ወንበሮች ሳይቀሩ ለአንድ አፍታ ሰው ዘለለባቸው። ታክሲ ነጂው ጋሽ መቀስን አንሥቶ አሽከረከራቸውና «ባለ ቤቱን አስወጣነው!» እያለ ጮኸ። ጥጉም ተቀብሎ ዘፈን አደረገው። ጋሽ መቀስ አብረው አጨበጨቡ። ደስታ ማለት እንደ ጉንፋን ይጋባል ብለው ነበር የሚያምኑት፤ የዚያን ቀን ግን በመሀላቸው ቆመው አልጋባባቸው አለ። ከሚጨፍር ሕዝብ መሀል ብቻውን ነገር ያወቀ ሰው፣ ሞቱን ገና ያልተረዱ ዘመዶች መሀል እንደተቀመጠ መርዶ ነጋሪ ነው፤ ለጊዜው አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይስቃል።

ሲወጡ ጡሩምባ ክንዳቸውን ያዘ። እየተገፉ ወደ አውቶቡሱ አዘገሙ። የመንገድ መብራቱ ጋ ሲደርሱ ጡሩምባ ቆሞ ትንፋሹን ጠበቀ።

«አንተ ምርቃት ረስተህ አታውቅም» አለ።

«ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜስ እኔን ነው የያዘኝ። አንተን የያዘህ ሌላ ነው።» ወደ ጫማቸው አየ። «ሄደህ አይተኸዋል።»

ጋሽ መቀስ አፋቸውን ከፈቱ። ጡሩምባ ግን ያንን አሮጌ ነሐስ እንደ ትራፊክ እጅ ደረታቸው ላይ አቆመባቸው።

«አትንገረኝ። ሰምተህም እንደሆነ፣ አይተህም እንደሆነ፣ ሆድ ይፍጀው። እኔ እንደሆንኩ ከርሞን አልደርስም፤ ሐኪሙ በገደምዳሜ ነው የነገረኝ እንጂ ነግሮኛል። ሜዳው ከኔ በኋላ ቢጠፋ ግድ የለኝም። ከኔ በፊት አታጥፋብኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። «ሌላውንም ተወው። እነዚህ ምን አላቸው ሌላ?»

«በእግዜር ስም የማይሆን ነገር እያልኩ?»

ጡሩምባ ጥቂት አሰበ። «አንተ አትበል። እስካለሁ እኔ እላለሁ። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ኃጢአት አይሆንብኝም።» አውቶቡሱ መጣ። ጡሩምባ በፊተኛው በር ገባ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጡሩምባውን አንዴ ከፍ አደረገላቸው። የጋሽ መቀስ አውቶቡስ ሌላ ነበር።

ቤት ሲገቡ ቀኑ ሊጨልም ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ሁለቱም ሶፋው ላይ ተጠጋግተው፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የመጋረጃው ጨርቅ ከመደገፊያው ተነሥቷል።

«አሸነፋችሁ አሉ» አለ ልጁ።

«አሸነፍን።»

ምራታቸው ሾርባ አቀረበች። ሁለት ሦስት ማንኪያ ሲሉ ልጃቸው «አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለና ጀመረ። ጋሽ መቀስ እንዳልሰማ ሆነው ሰሙ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ቅድሚያ መስጠቱን፣ ከየወር ደመወዙ እንደሚቆረጥ፣ ሽቦውን ራሱ እንደሚዘረጋው፣ እንዲህ ያለ ዕድል ለእንደነሱ ያለ ሰው ሁለተኛ እንደማይመጣ፤ ሁሉንም ነገረና መጨረሻ ላይ ብቻ የቀረውን እንደ እሾህ ነቀለው። «ቦታው ግን አባዬ... ድሮ ሜዳው የነበረበት ነው።»

ከላይ ፎቅ የአከራይዋ ጫማ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ምራታቸው ዓይኗን ሳህኗ ላይ ጥላለች። ጋሽ መቀስ ሾርባቸውን አንድ ማንኪያ ጨመሩና «የትኛው ጋ?» አሉ። «በጎሉ በኩል ነው?»

ልጁ ቀና አለ። ይህን ጥያቄ አልጠበቀም። «ጉብታው ላይ» አለ። «ጉብታውን ደልድለው፣ እዚያ ነው የሚቆመው። ምረጥ ሲሉኝ ሌላም ብሎክ ነበር፤ ከመንገድ የራቀ፣ ፀጥ ያለ። እሷም ያኛው ይሻላል ብላ ነበር። እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት። መቼም ከሠሩት፣ መቼም ማንም ካላስቀረው፣ ሌላ ሰው ከሚቀመጥበት አልኩ...» ድምፁ ትንሽ ተሰበረና አስተካከለው። «ያንተ ክፍል መስኮት አለው። ትልቅ መስኮት። ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። አንድ ጉድለቱ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነው የምትገባው።»

«አውቃታለሁ» አሉ ጋሽ መቀስ። «ያችን ፀሐይ አውቃታለሁ።»

ምራታቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከሶፋው ወርዳ እግራቸው ሥር በርከክ አለችና ሁለት መዳፏን እንደ ልጅ ገጥማ ዘረጋች። «አባባ፣ አዝነውብን ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልን። ካላዘኑብን ደግሞ ይመርቁን።»

እጇን አዩት። በመርፌና በበረኪና የተበላ የወጣት እጅ ነው። ቀን እዚያ ስታዲየም ውስጥ እምቢ ያላቸው አፍ እዚህ ምን ይለኝ ይሆን ብለው ፈሩ። አልወጣ ያለው ቃል ግን ሳይጠሩት መጣ፤ ይህኛው እውነት ነበርና።

«ቤት ያድርግላችሁ» አሉ። «ውጡ የማይሏችሁ ቤት ያድርግላችሁ።»

«አሜን።»

«ሳታስፈቅዱ ምስማር የምትመቱበት ግድግዳ ይስጣችሁ።»

ምራታቸው እንባና ሳቅ እየቀላቀለች «አሜን» አለች።

«ልጅ ይሩጥበት። ኳስ ይዞ ይሩጥበት። መስተዋትም ይስበር።»

«አሜን፣ አሜን አባባ።»

«ከርሞ...» አሉ በልማድ። ቆሙ። ከላይ የአከራይዋ ጫማም የቆመ መሰለ። ያቺ የጎደለችው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥታ፣ እሺ ልሂድ ወይስ ልቅር ብላ እንደ እንግዳ በር ላይ ቆመች። «ከርሞ በሰላም ያገናኘን» ብለው ጨረሱ።

ምራታቸው ዳግመኛ አሜን ብላ እጃቸውን ሳመች። ልጃቸው ግን አሜን አላለም፤ ከመጀመሪያውም አላለም። ጋሽ መቀስ ቀና ብለው ሲያዩት፣ በዚያች ጠባብ ሳሎን፣ በአምፖሉ ድንግዝግዝ ብርሃን ውስጥ፣ ከባዶው ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ነበር። ውጪ ፀሐይዋ ከጠለቀች ቆይታለች።